ዘመድ የሚመስሉና ዘመድ የሆኑ ቃላት

‹ጊፍት› በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ ነው። ስዊድኖችም በዚያው ሆሄያት ጽፈው ‹ዪፍት› ብለው ያነቡታል፤ ትርጉሙ እንደ አገባቡ መርዝ ወይም ያገባ ሰው ይሆናል። ለሰሚው በአጋጣሚ ድምፃቸው የገጠመ ባዕዳን ይመስላሉ። ሦስቱም ግን የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ግሱም የጥንቶቹ ጀርመናውያን ሕዝቦች ‹መስጠት› ይሉበት የነበረው ነው።

የስዊድኑ አማርኛ ተናጋሪን ብዙ አያስቸግረውም። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ወላጆች «ሰጥተናል» ይላሉና። የጀርመኑ መንገድ ረዘም ይላል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት ልክ ‹ዶሲስ› ይሉት ነበር፤ መስጠት ማለት ነው። ዛሬ የእኛም የጤና ባለሙያዎች ‹ዶዝ› የሚሉት እሱን ነው። ላቲን ቃሉን እንዳለ ወሰደው፤ ጀርመኖች ግን ‹ጊፍት› በሚለው በራሳቸው ቃል ተኩት። የሚሰጠው ነገር የሚገድል ሲሆን ስሙን በግልጽ ከመጥራት «የተሰጠው» ማለት ይቀላል፤ እየዋለ እያደረም የማለዘቢያው ቃል ራሱ መርዝ ማለት ሆነ። የድሮው ትርጉም ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትሄደው ሀብት በጀርመንኛ እስከ ዛሬ ‹ሚትጊፍት› ይባላል።

ትርጉማቸው የተራራቀው እንዲህ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ በድምፅም በትርጉምም የገጠሙት ምን ያጠራጥራል? እነሱ ናቸው ይበልጥ የሚያጠራጥሩት። የላቲኑን ‹ሃቤሬ›ና የጀርመንኛውን ‹ሃበን› እንውሰድ። ሁለቱም አንድን ነገር የራስ አድርጎ መያዝን ይገልጻሉ፤ የእንግሊዝኛው ‹ሃቭ›ም እንዲሁ። ማንም ሰምቶ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ይምላል። አይደሉም።

ይህን ለማወቅ ያስቻለውን ሥርዓት ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ከወንድሙ ከዊልሄልም ጋር ተረት በመሰብሰብ የምናውቀው ያኮብ ግሪም ደግሞ በ1822 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳዩ። ላቲን ‹ክ› በሚልበት ቦታ ጀርመናዊዎቹ ቋንቋዎች ‹ህ› ይላሉ። ቀንድ በላቲን ‹ኮርኑ›፣ በእንግሊዝኛ ‹ሆርን› ነው፤ መቶ ‹ኬንቱም›ና ‹ሀንድረድ›፤ ውሻ በላቲን ‹ካኒስ›፣ በጀርመንኛ ‹ሁንት›። እንግዲያው የ‹ሃበን› የሥጋ ዘመድ በላቲን በ‹ክ› መጀመር አለበት። ይጀምራልም፦ ‹ካፔሬ›፣ መያዝ፣ መጨበጥ። ‹ፕ› እንዴት ወደ ‹ብ› እንደ ዞረ ያብራራው ሌላው ዴንማርካዊ ካርል ቬርነር ነው፤ ምክንያቱን በጥንቱ ቋንቋ ቃሉ የት ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠራ እንደ ነበር በመከታተል በ1870ዎቹ አገኘው።

‹ሃቤሬ›ስ? በላቲን ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ ‹ህ› በጀርመናዊዎቹ በኩል ብዙ ጊዜ ‹ግ› ሆኖ ይገኛል። ‹ሆስቲስ› በላቲን ጠላት ነው፤ ዘመዱ የእንግሊዝኛው ‹ጌስት› እንግዳ ነው። ባዕድ ሰው ለአንዱ ሕዝብ የሚፈራ፣ ለሌላው የሚስተናገድ ሆነ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ አብዛኞቹ የዘርፉ ሊቃውንት ‹ሃቤሬ›ን የሚያዛምዱት ከእንግሊዝኛው ‹ጊቭ›፣ ከመስጠት ጋር ነው። ያው ሥር ሮማውያን ዘንድ መያዝ፣ ጀርመናውያን ዘንድ መስጠት ሆኖ አረፈ። ዝምድና የሚታወቀው ቃላቱ ሥርዓት ጠብቀው በመለያየታቸው መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በዚህ መስፈርት ሲታዩ የእንግሊዝኛው ‹ዴይ›ና የላቲኑ ‹ዲኤስ›፣ ሁለቱም ቀን ማለት ሲሆኑ፣ ተለያዩ። ሁለትን ሮማውያን ‹ዱዎ›፣ እንግሊዞች ‹ቱ› ይላሉ፤ ዐሥርን ‹ዴኬም›ና ‹ቴን›። የላቲን ‹ድ› በእንግሊዝኛ ‹ት› ይሆናል እንጂ ‹ድ› ሆኖ አይቀርም። ‹ዲኤስ› የወጣው የሰማይን ብርሃን ከሚያመለክት ሥር ነው፤ የግሪኩ ዜውስና የሮማው ጁፒተርም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። ያ ሥር እንግሊዝኛ ውስጥ የሚገኘው በማክሰኞ ስም፣ በ‹ቱስዴይ› ነው። ቀኑ ቲው የተባለ የጥንት አምላክ ቀን ነበር፤ ስለዚህ በቃሉ ውስጥ የ‹ዲኤስ› ዘመድ ‹ቱስ› የሚለው ክፍል ነው፣ ‹ዴይ› የሚለው አይደለም።