«መበደር» ወይስ «መዘርዘር»? ስለ ቁጥር ቤት፣ ስለ መደመርና ስለ መቀነስ ስያሜዎች

የሒሳብ ስያሜ ሲተረጐም ለመምህሩ የሚበቃው ቃል ለሕፃኑ ላይበቃ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ጥቂት ቃላትን የምንመረምረው፣ በጅማ ከተማ የጊንጆን ሰፈርና እንደ አጋሮ ያሉትን የአካባቢውን የቡና ከተሞች በማሰብ ነው። በዚያ ብዙው ልጅ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ጎን ለጎን እየሰማ ስለሚያድግ፣ በአንዱ ቋንቋ የተጣመመ ስያሜ በሌላውም ውስጥ ተጣምሞ ይገኛል።

በግዕዝ አኃዝ ፵፫ ስንጽፍ፣ ፵ የትም ቢቀመጥ አርባነቱን አይለቅም፤ ዜሮም አያስፈልገውም። በ43 ውስጥ ግን 4 አርባ የሚሆነው ከ3 በስተግራ በመቀመጡ ብቻ ነው። የአማርኛ ንግግር በዚህ ረገድ ወደ ግዕዙ አኃዝ ያደላል፤ «አርባ ሦስት» የሚለው አጠራር አራት ጊዜ አሥር መኖሩን ገልጦ አያሳይም። «አርባ» ከ«አራት»፣ «ሰባ» ከ«ሰባት» መዛመዳቸው ለሥነ ልሳን ሰው ግልጥ ነው፤ «ሃያ» ግን ከ«ሁለት» ጋር አይገናኝም። (በግዕዝ «ዕሥራ» ሃያ ማለት ስለሆነ የአማርኛው «አሥራ አንድ» ለግዕዝ ተማሪ ሌላ ግራ መጋባት ነው።) አፋን ኦሮሞ ከአርባ ወዲያ የተሻለ ነው፤ «አፉር» ብሎ «አፉርተማ»፣ «ሸን» ብሎ «ሸንተማ» ይላል። መምህሩ ይህን ዕድል ሊያባክነው አይገባም።

«የቦታ ዋጋ» ቃል በቃል የተተረጐመ ስያሜ ነው። ከእርሱ ይልቅ «የአንድ ቤት»፣ «የአሥር ቤት»፣ «የመቶ ቤት» የሚለውን እንመርጣለን። ምክንያቱም ዜሮን ለማስረዳት ያመቻል፤ 403ን «ባዶ ማለት ምንም ማለት ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ 43 ብሎ ቢጽፈው አይፈረድበትም። «ባዶ ቤት» ሲባል ግን ነዋሪ ይታጣል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

ዋናው ችግር «መበደር» ላይ ነው። ከ52 ላይ 27 ቀንስ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 35 ይላል። ይህን ለማረም «ከጎረቤት አንድ ተበደር» ይባላል። እንደሚታወቀው አማርኛ «መበደር»ንና «መዋስ»ን ይለያል፤ ገንዘብና እህል እንበደራለን፣ ተመጣጣኙንም እንከፍላለን፤ መጥረቢያ ግን እንዋሳለን፣ ያንኑ መጥረቢያ እንመልሳለን። አፋን ኦሮሞም «ሊቄፈቹ»ንና «ኤርጊፈቹ»ን በተመሳሳይ መንገድ ይለያል። በሁለቱም ቋንቋዎች የወሰደ ሰው መላሽ ነው። በ52 ውስጥ ግን የሚመለስ ነገር የለም፤ ስለሆነም «መቼ እንመልሳለን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቋንቋውን ያወቀ ልጅ ነው። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን በተሠራበት ሌላ ዘዴ፣ ለላይኛው አሥር ተጨምሮ ለታችኛው የአሥር ቤት አንድ ይመለስ ነበር፤ «መበደር» ለዚያ ዘዴ ይስማማል፣ ለእኛው ግን አይስማማም።

ተስማሚው ቃል በገበያ አለ፤ ይኸውም «መዘርዘር» ነው። አምስት የአሥር ብር ኖቶችና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች የያዘ ልጅ 27 ብር ክፈል ቢባል አንዱን ድፍን አሥር ብር ያዘረዝራል። አራት አሥሮችና አሥራ ሁለት አንዶች ይሆኑለታል፤ ከ12 ላይ 7፣ ከ4 ላይ 2 ሲቀነስ 25 ይቀራል። ሀብቱ አልጨመረም፣ ዕዳም አልገባም። «ዘርዝር» በፈተና ላይ ሌላ ትርጉም አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ዳሩ ግን ዐውዱ በቀላሉ ስለሚለየው ብርቱ ተቃውሞ አይደለም። ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልሰው ተርጓሚም ከአማርኛው ከመቅዳት ይልቅ የጅማ ነጋዴዎች ብር ሲያዘረዝሩ የሚሉትን ቢያዳምጥ ይሻላል።

የአካባቢው ምሳሌ ሁሉ ግን አይጠቅምም። የቡናው ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ለቁጥር ቤት ትምህርት አይሆንም፤ መቶ ኪሎ የሆነው ኩንታል ግን ይሆናል።

በመደመር በኩል ስያሜው ብዙም አያስቸግርም፤ «ደመረ» ከ«ደመራ» ጋር አንድ ሥር ስላለው ማሰባሰብን ራሱ ይናገራል። የሚጐድለው በ«ያዝ» ላይ ነው። 38ና 25 ሲደመሩ «ሦስት ጽፈህ አንድ በእጅህ ያዝ» ይባላል፤ በእጅ የተያዘው ግን አንድ ሳይሆን አሥር ነው። ስለዚህ በመምህሩ መምሪያ «አንድ አሥር ያዝ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን።