የካርቦን «መነሻ ልክ» ለደብረ ማርቆስ ነጋዴ ምኑ ነው?

በደብረ ማርቆስ ገበያ አጣና በቁጥር፣ ከሰል በጆንያ ይሸጣል። የደን ካርቦን ግን የሚሸጠው በቶን ነው፤ ያውም ወደ አየር ሳይወጣ የቀረው። ይህን ለማስላት ምንም ባይደረግ ኖሮ ምን ያህል ይወጣ እንደነበር አስቀድሞ መወሰን ግድ ነው። መነሻ ልክ የሚባለው ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ያቀረበችው ልክ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በነበረው አማካይ ላይ የቆመ ነው። በዚህ ስሌት በደን ጭፍጨፋ በዓመት 18 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አዲስ የለማው ደን የሚይዘው 4.8 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው።

ልኩ ያለ አግባብ ከፍ ካለ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቶን ይሸጣል፤ ዝቅ ካለ ደን ጠባቂው ገበሬ ይከስራል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኦሮሚያ ደን የተዋዋለው 4 ሚሊዮን ቶን በ40 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክፍያውም ውጤቱ ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው።

የጎጃም ደጋ ሒሳብ ይለያል። ከአብያተ ክርስቲያናት አጸድና ከጥቂት ቦታዎች በቀር የተፈጥሮ ደኑ ቀድሞ ስለተመናመነ፣ «ጭፍጨፋ ቀነስን» ብሎ የሚሸጠው ጥቂት ነው። ተስፋው በተከላ በኩል ነው። በአገሪቱ ትርጉም ግን ደን ለመባል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያስፈልጋል። በየጓሮው የቆመች ጥቂት ባሕር ዛፍ አትቆጠርም።

ስለዚህ የካርቦን ውል ይዞ የሚመጣ ደላላ ካለ፣ ከዋጋው በፊት መነሻ ልኩ የየትኞቹ ዓመታት እንደሆነና ማን እንደለካው ይጠየቅ።