ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ሲክደን

ዳንግላ ላይ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በጥሩ ሁኔታ ተጽፎ የታየ ደብዳቤ በፍላሽ ተይዞ እንጅባራ ሲደርስ ፊደሉ በሙሉ ወደ ባዶ ሳጥንነት ተለውጦ ቢገኝ ምን ይባላል? ብዙ ሰው «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ይደመድምና ዳግመኛ ገንዘብ ከፍሎ ያስጽፋል። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰቡ የውርስ ወረቀት፣ የመስጊዱ ኮሚቴ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የመድረሳው የስም ዝርዝር በዚህ ሰበብ ተጥሏል፣ ወይም በስሕተት ላይ ስሕተት ተጨምሮበት ተገልብጧል። የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛው ጽሑፍ አለመጥፋቱ ነው። ጽሑፉ በውስጡ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ማንበብ አልቻለም።

ፈረስ አልሄድም ሲል ከመምታት በፊት ኮርቻውንና ልጓሙን መመልከት እንደሚገባ ለአዊ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከኮምፒውተርም ጋር ያለው ነገር ይኸው ነው። በዚህ ወር ዝግጅታችን በቤትና በትምህርት ቤት ዘወትር የሚያጋጥሙትን ችግሮች ምልክታቸውንና መፍትሔያቸውን በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በእጅ ስልክ ላይ እንመለከታለን። የምንጀምረውም ከፊደላችን ነው።

አራቱ ምልክቶች

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ምልክቱን ይጠይቃል። የተበላሸ መስሎ የሚታይ የአማርኛ ጽሑፍም አራት ዓይነት ምልክት አለው።

አንደኛ፡- ባዶ ሳጥኖች። ይህ ከሁሉም የቀለለው ነው። ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የያዘ ፎንት የለም ማለት ብቻ ነው። ፎንቱን ማስገባት ይበቃል።

ሁለተኛ፡- ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ። እዚህ ላይ ጽሑፉ የተጻፈው በአሮጌው ዘዴ ነው። ያንኑ የተጻፈበትን ፎንት ካላገኘ አይነበብም።

ሦስተኛ፡- ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በየሁለት በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ የሚታይበት ጽሑፍ። ይህ ዘወትር የሚያጋጥመው የስም ዝርዝር በኤክሴል ሲከፈት ነው። ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በሌላ የአነባበብ ሥርዓት ከፍቶታል። ፋይሉን ሳያስቀምጡ ዘግተው፣ ኤክሴል ውስጥ ከ«ዳታ» ማውጫ ጽሑፍ የማስገቢያውን ትእዛዝ መርጠው «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ሲያዙት ይስተካከላል።

አራተኛ፡- ተከታታይ የጥያቄ ምልክት። ክፉው ይህ ነው። ፋይሉ ግዕዝን በማያውቅ ሥርዓት ስለተቀመጠ ፊደሉ በእርግጥ ጠፍቷል። በአሮጌ የዊንዶውስ ኖትፓድ «አንሲ» በሚባለው መንገድ ሲቀመጥ ይህ ይደርሳል። መፍትሔው የቀድሞውን ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ እትሞች ኖትፓድ ራሱ ዩቲኤፍ 8ን ስለሚያስቀድም አደጋው ቀንሷል።

ነገሩ ከየት መጣ?

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ቁጥሩ 65 ነው። የቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ለፊደል የሰጡት ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ የጥንቶቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቁጥር ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ዓይናችን ግን «ሰ»ን ያያል። እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን አቀማመጥ ስለመረጠ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት ዳንኤል ያዕቆብን፣ ፍሥሐ አጥላውንና ይትና ፍርድይወቅን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ቦታዎች ሰጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በዓለም ሁሉ፣ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ቁጥሩ 4608 ነው። ሌላ ፊደል ይህን ቁጥር አይወስድበትም።

ታዲያ ችግሩ እስከ ዛሬ ለምን ቀጠለ? መልሱ አጭር ነው። አሮጌዎቹ ፎንቶች በየጽሕፈት ቤቱ ስለቀሩና በእነርሱ የተጻፉ ሰነዶች ስላሉ ነው።

ሰነዳችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። የሰነዱን ቅጂ አዘጋጁ። በቅጂው ላይ ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ፎንቱን ወደ አንድ የላቲን ፎንት፣ ለምሳሌ ወደ «ኤሪያል» ለውጡት። ፊደሉ ግዕዝ እንደሆነ ከቀረ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ ወደ ላቲን ከተበታተነ የአሮጌው ዘዴ ነው። አሮጌ ከሆነ የፎንቱን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ያ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ከዚያ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ። ከለወጣችሁ በኋላ የሰው ስሞችን፣ ቁጥሮችንና እንደ «ሏ»፣ «ቷ»፣ «ኳ» ያሉትን ዲቃላ ፊደላት አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ መለወጫው ዘወትር የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

በየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ

ዊንዶውስ፡- ከዊንዶውስ ቪስታ (እ.ኤ.አ. 2007) ጀምሮ «ኒያላ» የተባለው የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪይቦርድ አብረው መጥተዋል። ዊንዶውስ 8 ላይ «ኤብሪማ» የተባለው ፎንትም ግዕዝን ጨመረ። በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ በምርጫ የሚገባ ሆነ። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መልኩ ተለውጦ፣ ገጹም ጨምሮ ብታገኙት አትደንግጡ። በሴቲንግስ ውስጥ ከአማራጭ ፊቸሮች ዝርዝር የግዕዝ ተጨማሪ ፎንቶችን መርጦ ማስገባት ይቻላል።

ማክ፡- «ከፋ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ስላለው ንባቡ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ ከዊንዶውስ የመጣ ሰነድ በውስጡ ያልያዘውን ፎንት ሲጠይቅ የገጹ አሰላለፍ መፋለሱ ነው። ስለዚህ ለኅትመት የሚላክ ሁሉ በፒዲኤፍ ይሁን።

ሊኑክስ፡- ከሶፍትዌር ማስገቢያው «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ» የተባሉትን የግዕዝ ፎንቶች ማስገባት ይበቃል። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ለመጻፊያ «ኪማን» የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክም ላይ ይሠራል። በአንድ ቤት የተለያየ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ወንድምና እኅት አንድ ዓይነት አጻጻፍ ቢለምዱ ይቀላቸዋል። በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ «ጂቦርድ» የአማርኛ ኪይቦርድ አለው።

አዊኛም የራሱ ፊደል አለው

በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው አዊኛ (አውንጂ) የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ነገር ግን አማርኛ የማይጠቀምበት ድምፅ አለው። ለዚህም «ጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ» የሚለው ረድፍ ያገለግላል። እነዚህ ፊደላት በዩኒኮድ ውስጥ ከ4888 ጀምሮ ቦታቸውን ይዘዋል። ለአማርኛ ብቻ ተብለው በተሠሩ አሮጌ ፎንቶች ግን ላይገኙ ይችላሉ። አንዳንድ ጸሐፊ ፊደሉን ሲያጣ «ገ» ወይም «ነ» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን የሕፃኑ የንባብ መጽሐፍ ሌላ ቃል ያስተምራል ማለት ነው። መምህራንና ወላጆች ሆይ! የአዊኛ ጽሑፍ ስታስጽፉ በዩኒኮድ መሆኑን ጠይቁ፤ ከመታተሙም በፊት «ጝ» ያለበትን ቃል ፈልጋችሁ እዩ።

ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ገጽ

በቤታችን የተለመደው ሌላው ችግር ይህ ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ፊደላት አቅጣጫ ያውቃል። ቅንፍ፣ ነጥብና የጥቅስ ምልክት ግን የራሳቸው አቅጣጫ ስለሌላቸው በአጠገባቸው ያለውን ይከተላሉ። በዐረብኛው መጨረሻ የተቀመጠው ቅንፍ ዘሎ ፊት ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ዐረብኛውን በራሱ አንቀጽ ማድረግና የአንቀጹን አቅጣጫ መለወጥ ነው። በዊንዶውስ ወርድ ላይ የዐረብኛ ኪይቦርድ ከገባ በኋላ ኮንትሮልንና የቀኙን ሺፍት አብሮ መጫን አንቀጹን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ኮንትሮልና የግራው ሺፍት ደግሞ ይመልሰዋል። ሐረካው ከፊደሉ ጋር የሚደራረብ ከሆነ «አሚሪ» ወይም «ሸህረዛድ» የተባሉትን ነፃ ፎንቶች ሞክሩ።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ባነርና ፖስተር ነው። አንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራም የመካከለኛው ምሥራቅ አጻጻፍ ምርጫው ካልተከፈተለት የዐረብኛውን ፊደል ይበታትነዋል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ዐረብኛ የማያነብ ባለሙያ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። የቁርኣን አንቀጽ በዚህ መልክ ተሰቅሎ ከማየት በፊት፣ ማንበብ የሚችል ሰው በወረቀት ላይ የወጣውን ናሙና ይመልከት።

ሰዓቱ፣ ፍላሹና መብራቱ

ኢንተርኔቱ እየሠራ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አንከፍትም ቢሉ አስቀድማችሁ ቀኑን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ከቀረ ምስክር ወረቀቱ «ገና አልጀመረም» ይባላል። በአገራችን ይህ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው፤ ኮምፒውተሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚያስብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለተኛው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ማለቋ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሯ 2032 የሆነ ባለ 3 ቮልት ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ አሮጌ ዘመን ከተመለሰ ባትሪዋ ትለወጥ።

ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ከተለወጡ ግን ይህ በእርግጥ ቫይረስ ነው። ምልክቶቹን አትጫኑ። ፍላሹንም «ፎርማት» አታድርጉ፤ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። በዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳያውንና የሲስተም ፋይሎችን የመደበቂያውን ምርጫ አስተካክላችሁ ፈልጓቸው። ሊኑክስ ያለው ጓደኛ ካላችሁ እዚያ ብትከፍቱት ይሻላል፤ ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ እዚያ አይነሣም፣ ፋይሎቹም በግልጽ ይታያሉ። ሰነዶቻችሁን ብቻ ገልብጣችሁ ፍላሹን ከዚያ በኋላ አጽዱት።

ፕሮግራም ደርቆ ሲቀር ወዲያው ሶኬት አትንቀሉ። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት፤ በማክ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና ኢስኬፕ አብራችሁ ስትጫኑ የደረቀውን ፕሮግራም ብቻ መዝጋት ትችላላችሁ። በሊኑክስ ደግሞ «ሲስተም ሞኒተር» ከሚለው ውስጥ ይዘጋል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤትም ስታቢላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይም፤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጠው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።

ኢንተርኔት ሳይኖርስ?

እስካሁን የጠቀስናቸው ብዙዎቹ መፍትሔዎች ፎንት ወይም ፕሮግራም ማውረድን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲገኝ ፎንቶቹን፣ ኪማንንና የኮምፒውተራችሁን የፕሪንተር ማስጀመሪያ ፕሮግራም በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ፍላሹ የጎረቤትም ይሁን፤ አንዱ ቤት ያለው ለሰፈሩ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ ዕቃውን ከመጣሉ በፊት ሊኑክስን ይሞክር። ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለልጆች ትምህርት ይበቃል።

በመጨረሻም ለማንኛውም ቤተሰብ የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። ዋና ሰነዶች በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ሰነድ በዩኒኮድ ተጽፎ አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ ይኑረው። በቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ካለ፣ ወንድም ይሁን ሴት ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ የአባቱንና የእናቱን አሮጌ ሰነዶች ፈትሾ ወደ ዩኒኮድ ይለውጥላቸው። አሮጌውን ፎንት የሚያውቅ ሰውና አሮጌው ኮምፒውተር ሳሉ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ ግን የሚያነበው አይገኝም።