«ወደቀ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ፦ ራስን መሳትና ሕክምናው በባሌ ደጋ

በሮቤና በጎባ ሕመምተኛን ወደ ሕክምና ይዞ የሚመጣ ሰው የተፈጠረውን ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ያስረዳል፦ «ወደቀ»። በአማርኛ «የሚጥል በሽታ» የሚለው ስያሜ ከዚሁ መውደቅ የተወሰደ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም ራስን መሳት «ገገቡ»፣ የሚጥል በሽታ ደግሞ «ገገብዶ» ይባላል። የቃላቱ ዝምድና የሁለቱን ሕመሞች ልዩነት ይሸፍናል። በዚህም ምክንያት ችግሩ ከልቡ የሆነ ሰው ለዓመታት ፌኖባርቢታል ሲውጥ ሊኖር ይችላል፤ ከኅብረተሰቡ የሚደርስበትን መገለል ሳንቆጥር።

ራስን መሳት፣ በሕክምና አጠራሩ ሲንኮፕ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለአፍታ ሲያንስ የሚከሰት ነው። የደሙ ፍሰት ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ከተቋረጠ ንቃተ ኅሊና ይጠፋል። ሰው ከተኛበት ሲነሣ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ዕቃ ይወርዳል፤ ጤነኛ አካል የደም ሥሮችን በማጥበብና የልብ ምትን በማፍጠን ያካክሰዋል። በጾም ረጅም ሰዓት ቆሞ ሲያስቀድስ ወይም መርፌ ሲያይ የሚዝለፈለፍ ሰው ላይ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፦ ልብ ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ። ይህ ከሁሉም የተለመደው ዓይነት ነው።

የባሌ ከፍታ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰኔቲን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲያቋርጥ፣ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከቆላ የመጣ ጤነኛ ወጣት በመጀመሪያው ቀን፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፣ ራሱን ቢስት አያስደንቅም። ለነዋሪው ግን ከፍታን ምክንያት ማድረግ ስንፍና ይመስለኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ የባሌ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከቆላ ወገኖቻቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሕመምተኛ «መደበኛ» ውጤት የደም መፍሰስን ሊሰውር ይችላል።

መንቀጥቀጥ ብቻውን የሚጥል በሽታን አያረጋግጥም፤ በተራ ራስን መሳትም ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል። መገርጣትና ማላብ ቀድሞ፣ ሰውየው ወዲያው ከነቃ ራስን መሳት ነው ማለት ይቀላል። የምላስ ጎን መነከስና ረዘም ያለ መደናገር ወደ ሌላው ያመለክታል። ስለዚህ የዓይን ምስክሩን መጠየቅ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ለወደቀ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም፤ ደግፎ ማቆም ደግሞ ይጎዳል። በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ይበቃል። በጤና ተቋም የደም ግፊት ተኝቶ፣ ከዚያም ቆሞ እስከ 3 ደቂቃ ድረስ ይለካል፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ የፈሳሽ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለተለመደው ዓይነት ውኃ መጠጣት፣ ምልክቱ ሲጀምር እግርን ማጠላለፍ ወይም ቁጢጥ ማለት ይመከራል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው።

በሥራ መካከል፣ በተኛበት ወይም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የሚወድቅ ሰው ግን ሌላ ነው፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም የጠበበ ቫልቭ ወይም የልብ ምት መታገድ ሊኖርበት ይችላል። በእኔ እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የሳተ ሁሉ ኢሲጂ ሳይነሣ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ሙሉ የልብ ምት መታገድ የሚታከመው በልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ የሚላከው ታካሚ ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የኢሲጂውን ወረቀት ከሪፈር ደብዳቤው ጋር ማያያዝ፣ ተቀባዩ ሐኪም «ወደቀ» ከሚለው ቃል እንዳይጀምር ያደርገዋል።