ሲዲኤል፦ ሦስት ደረጃዎችና የማይታዩት ገደቦች

በአሜሪካ የከባድ መኪና ሥራ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ነው። የሥራው መግቢያ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ሲሆን ከፈቃዱ ይልቅ ብዙዎችን የሚያደናግራቸው በላዩ የሚጻፉት ፊደላት ናቸው።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በበርካታ ግዛቶች የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ባለተሳቢ ከባድ መኪናም መንዳት ይችል ነበር። ጥፋት የበዛበት ሹፌር ደግሞ ከተለያዩ ግዛቶች ፈቃድ እያወጣ ቅጣቱን ይበታትን ነበር። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከአንድ በላይ መንጃ ፈቃድ መያዝን ከለከለ፤ ከኤፕሪል 1992 ጀምሮም ያለ ሲዲኤል ከባድ መኪና መንዳት ቀረ።

የሲዲኤል ደረጃ የሚወሰነው በክብደት ነው፤ መኪናው ባዶውን ስለሄደ ደረጃው አይወርድም፤ አምራቹ የፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ይታያልና። ጎታቹና ተሳቢው ተደምረው 26,001 ፓውንድ፣ ማለትም 11,800 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ «ኤ» ያስፈልጋል። ያን ያህል የሚመዝን ነጠላ መኪና፣ ለምሳሌ ገልባጭ ወይም የከተማ አውቶቡስ፣ በ«ቢ» ይነዳል። «ሲ» ከዚያ ለሚያንሱ፣ ነገር ግን ሹፌሩን ጨምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ለሚይዙ ወይም ምልክት የሚለጠፍበት አደገኛ ዕቃ ለሚጭኑ ነው።

«ኤ» ያለው ሰው ሁሉን ይነዳል ማለት ግን አይደለም። ሰው ለመጫን «ፒ»፣ ለተማሪዎች አውቶቡስ በዚያ ላይ «ኤስ»፣ ለፈሳሽ ቦቴ «ኤን»፣ ለሁለትና ሦስት ተሳቢ «ቲ» መጨመር አለበት። አደገኛ ዕቃ የሚያስጭነው «ኤች» የጣት አሻራና የጀርባ ምርመራም ይጠይቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የሚቀንሱት ፊደላት ናቸው። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ «ኢ» ይጻፍበታል፤ ባለማንዋል ካምቢዮ ከባድ መኪና መንዳት አይችልም። የአየር ፍሬን በሌለው መኪና የተፈተነው «ኤል» ይጻፍበታል፤ ይህ ደግሞ ከአብዛኛው የረጅም መንገድ ሥራ ያስቀረዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች በብዛት አውቶማቲክ ስለሆኑ «ኢ» ለጊዜው ላያስቸግር ይችላል። «ኤል» ግን ወዲያውኑ ነው የሚጎዳው።

በግዛት ውስጥ ለመሥራት 18፣ ከግዛት ግዛት ለመሻገር 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ አዲስ «ኤ» ወይም «ቢ» ፈላጊ በፌዴራል መዝገብ የገባ ማሠልጠኛ ሳይማር የመንዳት ፈተና አይቀመጥም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤቱ በመዝገቡ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ለፈተናው የሚሰጥዎ መኪና ካምቢዮውና ፍሬኑ ምን ዓይነት እንደሆነም ይጠይቁ።