የመሪ ራክ፦ የሐረር ፔጆ 404 እና የአሮጌ መኪና ደኅንነት

ሐረር የገባ ሰው ከጁገል ግንብ ቀጥሎ የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር ፔጆ 404 ታክሲ ነው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቁጥራቸው ቢሳሳም፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት አሮጌ ፔጆዎች የከተማዋ መለያ ሆነው ኖረዋል። መኪናው ፈረንሳይ ውስጥ በሶሾ ፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1960 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ ጥንካሬውን ያስመሰከረው ደግሞ እዚሁ በእኛ ቀጠና ነው። ጭቃና አቧራ የሚፈራረቁበትን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል።

ስለ 404 ብርታት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን እኩል ሊመሰገን ሲገባው የማይነሳ አንድ ክፍል አለ፤ እሱም የመሪው ራክ ነው። ሞተር ቢጠፋ መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል። መሪ ቢከዳ ግን መኪናው የት እንደሚቆም የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ይህን ክፍል ሊያውቀው ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒኒዮን የሚባል ትንሽ ባለጥርስ ብረት አለ። ፒኒዮኑ አንድ ጎኑ ጥርስ ከወጣለት ረጅም ብረት ጋር ተነካክሶ ይሠራል፤ ራክ የሚባለው ይህ ረጅሙ ብረት ነው። መሪው ሲዞር ፒኒዮኑ ይዞራል፣ ራኩም ቤቱ ውስጥ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። በሁለቱ ጫፎቹ የተያያዙት ዘንጎች ቴስቲና በሚባሉት የጫፍ መገጣጠሚያዎች በኩል ጎማዎቹን ይገፋሉ፣ ይስባሉ። ራኩ ከፒኒዮኑ እንዳይርቅ ከጀርባው በሞላ የሚገፋ ተጫኝ አለ። አቧራና ውኃ እንዳይገባ ደግሞ ጫፎቹ የተሸበሸበ የመከላከያ ጎማ ይለብሳሉ።

በዘመኑ ብዙ መኪኖች የሚጠቀሙት በራክ ሳይሆን በመሪ ሳጥን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም የምናየው ቮልስ የዚህ ወገን ነው፤ ራክ የተገጠመለት በ1303 ሞዴሉ፣ ያውም በ1975 ነው። ራክን ቀድመው ከያዙት መካከል ከ1936 ጀምሮ የተጠቀመበት ሲትሮይን ትራክሲዮን አቫንትና በ1948 የወጣው ሞሪስ ማይነር ይገኙበታል። ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። በመሪ ሳጥን እንቅስቃሴው ጎማው ላይ እስኪደርስ በብዙ መገጣጠሚያ ያልፋል፤ በራክ ግን መንገዱ አጭር ነው። በብሪታንያ የተሽከርካሪ ምርመራ መመሪያ ስፋቱ 380 ሚሊሜትር በሆነ መሪ ላይ የሚፈቀደው ልልነት ለራክ 13 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለሌላው ዓይነት እስከ 75 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ባለራክ መኪና እየነዱ «አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ ልል መሪን መልመድ ስህተት ነው።

ራክ የሚያረጀው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚነዳው ቀጥ ብሎ ስለሆነ አብዝተው የሚበሉት መሐሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ ወደ ጥግ ያሉት እንደ አዲስ ይቆያሉ። ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መካኒኩ ልልነቱን ለማጥፋት ተጫኙን ሲያጠብቀው መሪው መሐል ላይ ደህና ይመስላል፤ መኪናው ታጥፎ ወደ ጥግ ሲጠጋ ግን ያልተበሉት ጥርሶች ይነክሱትና መሪው ይጠብቃል፣ ከኩርባ በኋላም በራሱ አይመለስም። እንዲህ ያለ መሪ ከልሉ ይልቅ ያሰጋል። መሐሉ የተበላ ራክ በማጥበቅ አይድንም።

ስለዚህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ልልነቱ ከየት እንደመጣ መለየት አለበት። መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያነቃንቃል፤ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንቅስቃሴው የት እንደሚጠፋ ይከታተላል። የመሪው ዘንግ ዞሮ ፒኒዮኑ ከዘገየ ችግሩ መሐላቸው ያለው ማያያዣ ነው። ፒኒዮኑ ዞሮ ራኩ ካልተንቀሳቀሰ ጥርሱ ወይም ተጫኙ ነው። ራኩ ሄዶ ጎማው ከዘገየ ቴስቲናው ነው። የራኩ ቤት ራሱ ከተነቃነቀ ደግሞ የታሰረበት ቡሎን ላልቷል ማለት ነው። ከዚያም ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ የጎማውን ኩሽኔታና የታችኛውን መገጣጠሚያ መፈተሽ ያስፈልጋል። ጥፋቱ የቴስቲና ሆኖ ሳለ ራክ ያወረደ ባለመኪና ብዙ ነው።

ራኩ የግድ የሚወርድ ከሆነ ሥራው ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይፈልግም። መኪናው በክሪክ ብቻ መቆም የለበትም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባለት። ጎማዎቹ ቀጥ እንዳሉ የመሪው ዘንግና ፒኒዮኑ የተያያዙበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ቴስቲናዎቹ ስንት ዙር ገብተው እንደታሰሩም ተቆጥሮ ይጻፋል። የቴስቲናው እግር ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢፈታም ከቀዳዳው አይለቅም፤ በማውለቂያ መሣሪያ ይለቀቃል። የእግሩን ጥርስ በመዶሻ የሚመታ ሰው ቴስቲናውን ያበላሻል። ከራኩ ቤት ሥር የተገኘ ቀጭን ሉህ ሁሉ ከየትኛው ጎን እንደወጣ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ፋብሪካው ያስገባው ለልኬት ነው።

የወረደው ራክ በላምባ ታጥቦ ሲደርቅ እውነቱን ይናገራል። በጥርሶቹ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ፣ የተላጠ ወይም ዝገት የበላው ቦታ ካለ ራኩ ይቀየራል። ብረቱ አለመጣመሙ የሚታወቀው በወፍራም መስታወት ላይ ሲንከባለል ነው፤ ብርሃን ከሥሩ አንዴ ሰፍቶ አንዴ ከጠበበ ተጣሟል። ጥርሶቹ ደህና ሆነው ልልነቱ ራኩ ከሚንሸራተትበት ቡሽ፣ ከፒኒዮኑ ኩሽኔታ ወይም ከተጫኙ ከሆነ ግን ጥገናው ያዋጣል። ጥሩ ቶርኖ ቤት ቡሽ በልኩ ያወጣል። ሲገጠም ግሪሱ አዲስ ይሁን፤ የመከላከያ ጎማውም የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየር። በዚያ ስንጥቅ የሚገባ አቧራ ከግሪስ ጋር ሲቀላቀል ብረት ይሞርዳልና። ተጫኙ የሚስተካከለው በፋብሪካው ልክ ነው፤ ከዚያም ራኩ ከጥግ እስከ ጥግ ዞሮ የሚይዝ ቦታ እንደሌለው በእጅ ይረጋገጣል።

ለመቀየር ሲታሰብ ለ404 አዲስ ራክ እንደ ልብ አይገኝም። ከተፈታ መኪና የወጣ ወይም ውጭ አገር የታደሰ ራክ የሚፈልግ ሰው ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ከመውረዱ በፊት አሮጌውን ይለካ፦ የራኩን ርዝመት፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የፒኒዮኑን ጥርስ ብዛት፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚዞረውን ዙርና የቴስቲናውን ጥርስ ውፍረት። ፔጆ ስለሆነ ብቻ ከ504 የወጣው ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም። የመሪው ጎንም ይታይ፤ ለቀኝ መሪ የተሠራ ራክ ለግራ መሪ አይሆንም።

ከተገጠመ በኋላ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ስንት ዙር እንደሚዞር ተቆጥሮ ግማሹ ላይ ጎማዎቹ ቀጥ ማለት አለባቸው። የዳዶ መቆለፊያ ፒኖች አዲስ ይሁኑ። ዊል አላይመንት ሳይሠራ መኪናው ረጅም መንገድ አይውጣ። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላም ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ። ሾፌሩም የራሱ ድርሻ አለው፦ መኪናው እንደቆመ መሪ መጠምዘዝ ራኩንና ቴስቲናውን ይጎዳል፤ ጎማው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይታጠፍ።

ለባለመኪናም ለመካኒክም አንድ ልመና አለኝ። የመሪ ክፍል አይበየድ፤ የተጣመመውም በእሳት ተሞቆ አይቃና። በሙቀት ጥንካሬውን ያጣ ብረት ዛሬ ይይዛል፤ ነገ በቁልቁለት ላይ ሊሰበር ይችላል። የራክ ቡሽና የመከላከያ ጎማ ዋጋ ከአንድ አደጋ ጋር አይወዳደርም። ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ዛሬም መንገድ ላይ ሊውል ይችላል፤ መሪው ግን በልክ እንጂ በግምት አይጠገን።