ሸክላውና ባሩዱ

ዐውደ ርእይ የሚያሰናዳ ሰው ጥንታዊውን ንዋይ ከዛሬው የጥበብ ሥራ ጎን ሲያኖር፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን አንድ እውነተኛ ምሥጢር ካላገኘ፣ አሮጌው ለአዲሱ ጌጥ፣ አዲሱም ለአሮጌው መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ የቺን ሺ ኋንግን የሸክላ ሠራዊትና የጻይ ጉዎቺያንግን ሥራዎች ጎን ለጎን ባሳየ ጊዜ ግን ምሥጢሩ ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም የሰው ልጅ ሞትን ለማምለጥ ያለው ምኞት ነው።

ቺን ሺ ኋንግ በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቻይናን አንድ አድርጎ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ለመባል የበቃ ሲሆን፣ ከሞት የሚያድን መድኃኒት እንዲፈልጉለት መልእክተኞቹን ባሕር እያሻገረ ይልክ የነበረው እርሱ ራሱ፣ በሊ ተራራ ግርጌ ደግሞ መቃብሩን ያሠራ ነበር። በ1974 በሺአን ከተማ አቅራቢያ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች የደረሱበት፣ ብዛቱ 8,000 ያህል እንደሚሆን የሚገመተው ሠራዊት፣ ንጉሡን በወዲያኛው ዓለም እንዲጠብቅ የተቀበረ ነው። ወታደሮቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ከመሬት በወጡ ጊዜ ከቀለሙ ሥር ያለው የዛፍ ሙጫ ሽፋን አየር ሲያገኘው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየተሸበሸበ ተቀርፎ ወደቀ። ተንበርክኮ የተሠራውን ቀስተኛ ከበስተኋላው ዞሮ ለሚያየው፣ ማንም ሕያው ሰው እንዳያየው በተቀበረው በቀኝ እግሩ ጫማ ሥር፣ የክሩ ስፌት ነጥብ በነጥብ ተለቅሞ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከግድግዳ አስጠግቶ ማቆም፣ በእኔ አስተያየት፣ የሠሪውን ድካም ሁለተኛ እንደ መቅበር ነው።

በ1957 በቿንጆ ከተማ የተወለደው ጻይ ጉዎቺያንግ ደግሞ ሥዕሉን የሚሥለው ባሩድ ነስንሶ እሳት በመለኮስ ነው። ባሩድን ያገኙት የቻይና ጠቢባን ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት ሲቀምሙ ነበር፤ ስሙም በቋንቋቸው እስከ ዛሬ «የእሳት መድኃኒት» ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱን ያላሳረፈው ያው ምኞት፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በሠዓሊው እጅ የገባውን ጥቁር ዱቄት ወለደ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሁለቱን ለማስታረቅ በየግድግዳው ረጅም ጽሑፍ መስቀል አያስፈልገውም።

ስለዚህ በአንደኛው አዳራሽ ስምንት ወታደሮችና ሁለት ፈረሶች ከሸክላ ተሠርተው ሲቆሙ፣ በሌላው አዳራሽ ከፖርሴሊን ተሠርተው በባሩድ እሳት የጠቆሩ 10,000 ወፎች በአየር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። እያንዳንዷ ወፍ ለብቻዋ ስትታይ አንዲት ጥቁር ሸክላ ናት፤ መንጋው በአንድነት ሲታይ ግን በብርሃን መካከል በቀለም ብሩሽ እንደ ተጣለ መስመር ከፍ ዝቅ እያለ የሊ ተራራን መልክ ይሥላል። ከዚያም ተራራ ሥር ንጉሠ ነገሥቱ ያረፈበት ክፍል እስከ ዛሬ አልተከፈተም።